የስንተኛው ወር ወተት?

ከኦክላንድም ከሳን ሆዜም ለተሰባሰባችሁ ወገኖቼ የማነሣው ጉዳይ ወተት ነው፤ በተለይም የአህያ ወተት ውርንጭላው ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ጡት እስኪጥል ድረስ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ አባባል አለ። ልጁ የላም ወተት በጠጣ ቁጥር ቆዳው የሚቆጣበት፣ ሆዱ የሚታወክበት ወላጅ ሲጨነቅ፣ አውሮፓ ያለ ዘመድ ይደውልና «የአህያ ወተት እኮ ከእናት ጡት ወተት ጋር አንድ ነው» ይለዋል። ኢንተርኔት ላይ ዱቄቱ በውድ ዋጋ ይሸጣል። አባባሉ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የአህያ ወተት ከላምና ከፍየል ወተት ይልቅ ለእናት ጡት ወተት የቀረበ መሆኑ በላቦራቶሪ ተመርምሮ የታወቀ ነው። ሆኖም ሳይጨረስ የቀረ አባባል ነው። የወለደች አህያ በመጀመሪያው ቀን የምትሰጠው ወተትና በስድስተኛው ወር የምትሰጠው ወተት አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ አንድ ነገር አይደሉም። የሴት ልጅም ወተት እንዲሁ ነው። ስለዚህ «ይመሳሰላል» ሲሉኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የስንተኛው ወር ወተት?

ነገሩ ለእኛ ጆሮ እንግዳ መሆኑን አውቃለሁ። በክርስትናውም በእስልምናውም ወገን አህያ ከማይበሉት እንስሳት ናት፤ ወተቷም ከገበታችን ደርሶ አያውቅም። ትክትክ ለያዘው ልጅ ለመድኃኒት ብለው የሚሰጡ አካባቢዎች ግን አሉ። (ትክትክን ዛሬ የሚከላከለው ክትባት መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ልናገር፤ ክትባቱን ለሌላ ነገር ብሎ የሚያዘገይ ወላጅ በልጁ ሕይወት ላይ ይጫወታል።) እንድትጠጡ ልሰብካችሁ አልመጣሁም። ነገር ግን በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ቁጥሩን ከ9 ሚሊዮን በላይ ያደርገዋል። በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ አህያ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ነው ይላል። የዱሩ ዘመዷ ዛሬም በአፋር በረሃ ጥቂት ቀርቶ ይገኛል፤ ሊጠፋ ከተቃረቡ የምድራችን አጥቢ እንስሳት አንዱ ነው። ይህን ያህል ዘመን እህላችንን፣ ውሃችንንና ማገዷችንን ስትሸከም የኖረች እንስሳ ልጇን በምን እንደምታሳድግ ማወቅ ይገባናል ባይ ነኝ።

እንግዲህ ቁጥሩን እንመልከት። 100 ግራም የላም ወተት ውስጥ ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን፣ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ግራም ስብ፣ ወደ 4.7 ግራም የወተት ስኳር አለ። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ፕሮቲኑ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ስኳሩ ግን ወደ 7 ግራም ይደርሳል፤ ስቡ ከሦስት ተኩል እስከ አራት ነው። የአህያ ወተት ፕሮቲኑ ከ1.5 እስከ 1.8 ግራም፣ ስኳሩ ከ6 እስከ 7 ግራም ነው። ጣፋጭነቱም ከዚህ የመጣ ነው። ማዕድኑም ከላም ወተት በግማሽ ያነሰ ስለሆነ ገና ላልጠነከረ ኩላሊት ቀላል ነው። እስከዚህ ድረስ የዘመዳችን ስልክ ልክ ነው።

ፕሮቲኑ ራሱ ሁለት ወገን ነው፤ ይህን የአገራችን ሴቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። እርጎው ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ሲሞቅ አይቡ ወደ አንድ ወገን ይሰበሰባል፣ አጓቱ ወደ ሌላ ይቀራል። አይብ የሚሆነው ፕሮቲን ኬዚን ይባላል። በላም ወተት ውስጥ ከፕሮቲኑ ከአምስት እጅ አራቱ ኬዚን ነው፤ በሕፃን ጨጓራ ውስጥ ጠንከር ብሎ የሚረጋው እሱ ነው። በአህያ ወተት ኬዚኑ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ በእናት ወተት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የአህያ ወተት አይብ ለመሥራት የማይመቸውና ሕፃን ሆድ ውስጥ በስሱ የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ጊዜው።

አህያ የምታረግዘው አንድ ዓመት ሙሉ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው። ያ ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚዋጉት አንቲቦዲዎች የሉትም ማለት ይቻላል። የአህያ የእንግዴ ልጅ በእናቲቱና በጽንሱ ደም መካከል ብዙ ንጣፍ ስላለው አንቲቦዲ አያሳልፍም፤ የፈረስም የላምም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ውርንጭላው ስንቁን የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ ነው፤ ከእንገሩ። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት የሚወጣው ወፍራም ወተት በአንቲቦዲ የተሞላ ነው፤ የፕሮቲኑ መጠን በኋላ ከሚመጣው ወተት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የውርንጭላው አንጀት ደግሞ በዚያን ጊዜ ክፍት ነው፤ ትልልቆቹን አንቲቦዲዎች ሳይፈጭ እንዳሉ ወደ ደሙ ያሳልፋቸዋል። ይህ በር የሚቆየው አንድ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ይዘጋል፤ የፈለገውን ያህል እንገር ቢጠባ እንደ ማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል እንጂ ወደ ደሙ አይገባም። እናቲቱም አትጠብቅም፤ በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ወተቷ እየቀጠነ፣ ፕሮቲኑ በፍጥነት እየወረደ ይሄዳል። በሩና ወተቱ አብረው የሚዘጉ መሆናቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የሌሊት ብርድ ላይ የተወለደ ውርንጭላ እስኪነጋ ሳይጠባ ቢያድር ያመለጠው አንድ ማዕድ ብቻ አይደለም፤ የወራት ጤናው ነው።

በጡቷ ውስጥ ምን ተፈጥሮ ነው ወተቱ እንዲህ የሚለወጠው? ወተት የሚሠሩት ሕዋሳት ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው። ከወሊድ አካባቢ በመካከላቸው ክፍተት ስለሚኖር ከደም የሚመጣው ጨውና ፕሮቲን ሾልኮ ወደ ወተቱ ይገባል። ከዚያ ክፍተቱ ይደፈናል፤ የወተት ስኳር መመረት ይበረታል። ስኳሩ ውሃ ይስባል፤ ወተቱ ይበዛል፣ ይቀጥናል። የወተቱን ብዛት የሚወስነው ይኸው ስኳር ነው ብንል አንሳሳትም፤ ስኳሩ በጨመረ ቁጥር ውሃውም አብሮት ስለሚጨምር በ100 ግራም ውስጥ ያለው ድርሻ ብዙ አይለዋወጥም። ለዚህ ነው የአህያ ወተት ስኳር ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ስድስተኛው ወር ያን ያህል ሳይናወጥ የሚዘልቀው።

ፕሮቲኑ ግን ይወርዳል። በቻይናም በጣሊያንም የታለቡ አህዮች ላይ የተደረጉ መለኪያዎች በዚህ ይስማማሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ 1.8 ግራም የነበረው በስድስተኛው ወር ገደማ ከ1.5 በታች ይወርዳል። በላም ላይ የምናውቀው ከዚህ ይለያል። የላም ወተት ፕሮቲን ወተቷ በሚበዛበት ወቅት ይቀንስና ወደ መንጠፊያዋ ስትቃረብ እንደገና ይወጣል፤ የአህያዋ ግን ቁልቁል ይቀጥላል። ምክንያቱ ውርንጭላው ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ወር አጥንቱም ጡንቻውም የሚገነባው ከእናቱ ወተት ብቻ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሣር መንጨት ይጀምራል፤ በወራት ውስጥ ከወተቱ ይልቅ ሣሩ ያሳድገዋል። ወተቱ ቀስ በቀስ ከምግብነት ወደ መጠጥነት ያዘነብላል።

ስቡ ሌላ ታሪክ ነው። በአህያ ወተት ውስጥ ከግራም ሲሶ እስከ 1.8 ግራም ድረስ ተለክቷል፤ ይህን ያህል የሚዘበራረቅ ሌላ ንጥረ ነገር በወተቷ ውስጥ የለም። አንዱ ምክንያት አስተላለቧ ነው። የአህያ ግት ትንሽ ነው፤ ሁለት ጡት ብቻ አላት፤ ግቷ ውስጥ የሚጠራቀመውም ከሁለት ተኩል ሊትር አያልፍም። ውርንጭላው በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ትንሽ ትንሽ ስለሚጠባ ብዙ ማጠራቀም አያስፈልጋትም። የሚያልቧት ሰዎች ውርንጭላውን ሦስት ሰዓት ያህል ለይተው ካቆዩ በኋላ ያልቧታል፤ በአንድ እልበት የሚገኘውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ሊትር በታች ነው። ስቡ ደግሞ እንደ ሌሎቹ እንስሳት ሁሉ ወደ እልበቱ መጨረሻ የሚመጣ ነው፤ አላቢው ቶሎ ከተወ ስብ የበዛበት ወተት ግቷ ውስጥ ለውርንጭላው ይቀራል። ሌላው ምክንያት መኖዋ ነው። አህያ አታመሰኳም። ላም ያመነዠከችው ሣር ጨጓራዋ ውስጥ በተሕዋስያን ሲብላላ የሣሩ ዘይት ተለውጦ ጠንካራ ስብ ይሆናል፤ ቅቤ በብርድ የሚደርቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የአህያ ሆድ ግን የሣሩን ዘይት ብዙም ሳይለውጥ ወደ ደሟ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ወተቷ ውስጥ ያለው ጥቂት ስብ በኦሜጋ-3ና በኦሜጋ-6 የበለጸገ ነው፤ የበላችውም በቀጥታ ይታይበታል። ከክረምት በኋላ ለምለም ሣር የጋጠችና በበጋ ገለባ ላይ የከረመች አህያ ወተታቸው አንድ አይሆንም። ማመስኳት አባቶቻችን የሚበላውን ከማይበላው የለዩበት ምልክት ነው፤ የሥነ ምግብ ሰውም ወተትን ለመረዳት ከዚያው ምልክት ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ላይሶዛይም ነው። ላይሶዛይም በእንባችን፣ በምራቃችንና በእናት ወተት ውስጥ የሚገኝ፣ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ፕሮቲን ነው። በላም ወተት ውስጥ ከምንም የማይቆጠር ነው። በአህያ ወተት ውስጥ ግን በአንድ ሊትር 1 ግራም ገደማ አለ፤ ከእናት ወተትም ይበልጣል። ጊዜ ሲገፋ ደግሞ ሁለቱ ተቃራኒ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ በአህያ ወተት ላይሶዛይሙ ከሁለተኛው ወር በኋላ እየቀነሰ ሲሄድ፣ በሴት ልጅ ወተት ግን ጡት የማጥባቱ ጊዜ በረዘመ ቁጥር ይጨምራል። ሕፃኑ መዳህ ሲጀምርና ያገኘውን ሁሉ አፉ ሲጨምር መከላከያው ይበረታለታል። ስለዚህ «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚለው ሰው በሁለተኛው ወር ሲናገር አንድ ነገር፣ በስምንተኛው ወር ሲናገር ሌላ ነገር መናገሩ ነው።

ይህ ላይሶዛይም ከዚህ አዳራሽ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ርቆ ትልቅ ሥራ ተሠርቶበታል። በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ መሪና ኤልዛቤት ማጋ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰውን ላይሶዛይም ዘረመል የያዙ ፍየሎች አርብተዋል፤ የዘሩ መነሻ «አርቴሚስ» የሚል ስም ተሰጥቶት በ1999 ተወለደ። የፍየሎቹ ወተት በእናት ወተት ውስጥ ካለው ላይሶዛይም 68 በመቶ ያህል ይዟል። በ2013 ባወጡት ጥናት ተቅማጥ የያዛቸው የአሳማ ግልገሎች ይህን ወተት ሲጠጡ ተራውን የፍየል ወተት ከጠጡት ቀድመው አገግመዋል። ዓላማቸው በተቅማጥ የሚሞቱ የድሃ አገር ሕፃናትን መርዳት ነው። በዘረመል ጥበብ ፍየል ላይ የሚጨመረውን ነገር የእኛዋ አህያ በተፈጥሮዋ ይዛው መኖሯን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ወተት በጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከሳን ሆዜ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ በባሕሩ ዳር አኞ ኑዌቮ የሚባል የመንግሥት ፓርክ አለ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የዝሆን ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር አጥቢዎች አሸዋው ላይ ወጥተው ይወልዳሉ። እናቲቱ የምታጠባው አራት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብም ውሃም አትቀምስም። ሲጀመር የወተቷ ስብ ወደ 15 በመቶ ነው። በየቀኑ ውሃው እየቀነሰ ስቡ እየጨመረ ይሄድና በመጨረሻ ከግማሽ በላዩ ስብ ይሆናል። ሲወለድ 40 ኪሎ የማይሞላው ግልገል በአራት ሳምንት ወደ 130 ኪሎ ይደርሳል፤ ከዚያ እናቱ ትታው ወደ ባሕር ትመለሳለች። ጊዜዋ አጭር ስለሆነ ልጇን በስብ ታጭቀዋለች፤ ራሷም ተርባ ስለምታጠባ ውሃዋን ትቆጥባለች። አህያ ግን ከልጇ ጋር ሌት ተቀን አብራ ትውላለች፣ ታድራለች፤ ስለዚህ ቀጭን፣ ጣፋጭና ብዙ ውሃ ያለበት ወተት ደጋግማ ታጠባዋለች። በዚህ የሰው ልጅ ከሲሉ ይልቅ ለአህያዋ ይቀርባል። ልጃችንን አዝለን ስለምንውል ነው።

ወደ ሰው ልመለስ። የሰው የእንግዴ ልጅ ከአህያዋ የተለየ ነው፤ አንቲቦዲን ከመወለድ በፊት ለጽንሱ ያሳልፋል። ልጃችን ባዶ እጁን አይወለድም። ታዲያ እንገሩ ለምን ያስፈልገዋል ለሚል መልሱ ይህ ነው፤ የእናት እንገር የያዘው በዋናነት አንጀትንና ጉሮሮን ለባብሶ የሚጠብቀውን የአንቲቦዲ ዓይነት ነው፤ ላክቶፌሪን የሚባለውና ብረትን ከባክቴሪያ የሚነጥቀው ፕሮቲንም በእንገሩ ውስጥ ከኋለኛው ወተት ሁለት እጥፍ ገደማ ይበዛል። በመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ጥቂት ማንኪያ ቢሆን ነው። ብዙ እናቶች «ወተት የለኝም» ብለው የሚደነግጡት በዚህ ጊዜ ነው። የሕፃኑ ጨጓራ በዚያን ቀን የሚችለው ያንኑ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን በግልጽ ልናገር። በአገራችን ብዙ ቦታ እንገሩን ቆሽሿል ብሎ አልቦ መድፋትና ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማላስ የኖረ ልማድ ነው። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሕፃናቱ 73 በመቶው በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንደጀመሩ፣ 8 በመቶው ግን ከጡት በፊት ሌላ ነገር እንደቀመሱ መዝግቧል። ቁጥሩ ጥሩ መንገድ ላይ መሆናችንን ያሳያል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው የደከሙበት ፍሬ ነው። ነገር ግን አያቶች ለመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ከአገር ቤት ወደዚህ ሲመጡ ቅቤውን በሻንጣቸው ይዘው፣ ልማዱንም አብረው ይመጣሉ። በፍቅር ነው። እናቶቼ፣ ቅቤውን ለገንፎው አድርጉልን፤ ለአራሷ ነው የሚገባው። የልጁ አፍ ግን ቀድሞ ከእንገሩ ይድረስ። ላማችሁ ስትወልድ ጥጃው እንገር ሳይጠባ እንዲያድር አትፈቅዱም ነበር።

ከዚያ በኋላ የእናት ወተትም እንደ አህያዋ ይሄዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በ100 ሚሊ ሊትር ከ2 ግራም የሚያልፈው ፕሮቲን በወር ውስጥ ወደ 1.2 ይወርዳል፤ በስድስተኛው ወር ከ1 ግራም አያልፍም። የሰው ልጅ ክብደቱን እጥፍ ለማድረግ አምስት ወር ያህል ይፈጅበታል፤ ጥጃ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። በላምና በእናት ወተት መካከል ያለው የፕሮቲን ልዩነት ከዚህ የተወለደ ነው።

ይህ ሁሉ በእጅ የሚጨበጥ ጉዳይ የሚሆነው ሳን ሆዜ ውስጥ ነው። በዚያች ከተማ በ1974 የተመሠረተ የእናቶች ወተት ባንክ አለ፤ በአሜሪካ ካሉት እጅግ ቀደምቶቹ አንዱ ነው። ልጃቸውን አጥብተው የተረፋቸው እናቶች ወተታቸውን በነጻ ይሰጣሉ። ሰጪዋ ስለ ጤናዋ ትጠየቃለች፣ ደሟ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል። የብዙ እናቶች ወተት ይቀላቀልና በ62.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ሙቀቱ ከመከላከያዎቹ የተወሰነውን ይጎዳል፤ ስኳሩን ግን አይነካውም። ከዚያ ቀድሞ የሚደርሰው ለሆስፒታል ሕፃናት ነው፤ በተለይም ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱት። እነዚያ ሕፃናት የእናታቸው ወተት ባልደረሰ ጊዜ በዱቄት ወተት ፋንታ የተለገሰ ወተት ሲያገኙ አንጀታቸውን ከሚያጠቃው ገዳይ ሕመም በተሻለ ይጠበቃሉ።

የስንተኛ ወር የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ የሕይወት ጥያቄ ይሆናል። በሰባት ወሩ የተወለደ ሕፃን በፍጥነት ማደግ ስላለበት ብዙ ፕሮቲን ይፈልጋል። የራሱ እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮቲኑ ጊዜውን ጠብቆ ከወለደች እናት ይበልጣል። ለባንክ የሚለግሱት እናቶች ግን ብዙዎቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው የወለዱና ካጠቡ ወራት የቆዩ ናቸው፤ ወተታቸው ለራሳቸው ልጅ ዕድሜ ልክ የሆነ፣ ለዚያ ትንሽ ሕፃን ግን ፕሮቲኑ የሳሳ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች በተለገሰው ወተት ላይ ማጠናከሪያ የሚጨምሩት። የሰው ወተት ሆኖ ሳለ እንኳ ወሩ ካልገጠመ መደጎም ካስፈለገው፣ የሌላ እንስሳ ወተት ወሩ ሳይጠየቅ ለሕፃን እንዴት ይሰጣል?

የአህያ ወተት ሕፃናትን አድኖ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በፓሪስ የሙት ልጆች ሆስፒታል ዶክተር ፓሮ የተባለ ሐኪም ቂጥኝ ይዟቸው የተወለዱ ሕፃናትን ለአጥቢ ሞግዚቶች መስጠት ለሞግዚቶቹ አደገኛ ስለነበር ከእንስሳት ጡት በቀጥታ እንዲጠቡ አድርጎ ነበር፤ ውጤቱን በ1882 አሳውቋል። በስድስት ወር ውስጥ ከፍየል ከጠቡት 42 ሕፃናት 8ቱ፣ ከአህያ ከጠቡት 38ቱ ግን 28ቱ ተርፈዋል። በጣሊያንም በቱሪን ሐኪሞች በ2007 ባወጡት ጥናት የላም ወተት አለርጂ የጠናባቸው 46 ልጆች የአህያ ወተት ተሰጥቷቸው 82.6 በመቶው ተስማምቷቸዋል። ያ ግን በሐኪም ዓይን ሥር፣ ዕድሜያቸውና ሌላው ምግባቸው ታይቶ የተደረገ ነው። ስቡ ትንሽ ስለሆነ 100 ሚሊ ሊትር የአህያ ወተት የሚሰጠው 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ የእናት ወተት ከ65 እስከ 70 ይሰጣል። በቀን 800 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት የሚበቃው ሕፃን በአህያ ወተት ብቻ ይደግ ቢባል ከ1,300 ሚሊ ሊትር በላይ ሊጠጣ ነው። አይችለውም። ሐኪሞቹ ዘይት የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

በ2022 ሚሺጋን ውስጥ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ፋብሪካ ሲዘጋ የዚህ አካባቢ መደርደሪያዎች ባዶ ሆነው ነበር፤ ያኔ ስንት ዓይነት የቤት ውስጥ አማራጭ በየስልኩ ሲዘዋወር ታስታውሳላችሁ። በ2024 መጨረሻም የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በጥሬ የላም ወተት ተገኝቶ በካሊፎርኒያ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደርጓል። ላይሶዛይም ያለበት የአህያ ወተትም ጥሬ ከሆነ ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። አለርጂ ያለበት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ለሕፃናት ሐኪማችሁ ንገሩ፤ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ፕሮቲኑ ቀድሞ የተቆራረጠ የዱቄት ወተት አለ። የምታጠቡ እናቶች ደግሞ፣ ከስምንት ሳምንቱ የካሊፎርኒያ የቤተሰብ ፈቃድ በኋላ ሥራ ስትመለሱ አልባችሁ የምታስቀምጡትን ወተት ቀኑን ጻፉበት። ተርፎ ማቀዝቀዣው ከሞላ የሳን ሆዜው ባንክ ይቀበላል፤ ጤናማ የሆነችና አዘውትራ የምታልብ እናት ሁሉ ልትጠይቅ ትችላለች። ከእኛ ወገን ያሉ እናቶች እዚያ ቢበዙ ምኞቴ ነው።

የመጨረሻ ነገሬ ስለ አህያዋ ራሷ ነው። ቆዳዋ ቻይና ውስጥ ኤጂያኦ ለሚባል መድኃኒት ስለሚፈለግ በአፍሪካ ብዙ አህያ አልቋል። ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ቄራ በ2017 ሕዝብ ተቃውሞት ተዘጋ። በየካቲት 2024 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድን ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ። ውሳኔው ትልቅ ነው። የመንደሩ ውሳኔ ግን በባለቤቱ እጅ ነው። በገበያ ቀን ጭነት የተጫነች አህያና ከኋላዋ የምትሮጥ ውርንጭላ አይታችሁ አድጋችኋል። ያቺ አህያ ከወለደች ሁለት ሳምንት ላይሞላት ይችላል፤ ወተቷ ከ100 እጅ 90ው ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ የሚበረታበት፣ ላይሶዛይሙ የሚበዛበት ወቅትም ያው ነው። ጭነቱ፣ ሽቅቡና ጥሙ ቀጥታ ውርንጭላው ላይ ይደርሳል። ወደ አገር ቤት ስትደውሉ፣ ገንዘብ ስትልኩ፣ ይህን ለወንድሞቻችሁና ለአጎቶቻችሁ ንገሩልኝ፤ የወለደች አህያ የመጀመሪያውን ወር ጭነት አትጫን፤ ከዚያ በኋላም መጫኗ ካልቀረ ውርንጭላው በመንገድ ላይ ቆሞ እንዲጠባ ይፈቀድለት፤ ወንዝ ሲሻገሩም፣ ገበያ ሲደርሱም እስክትጠግብ ውሃ ትጠጣ።